ለለቅሶ ቤት የተሸጠ የታመመ ዓሣ

ውድ ልጄ ሊዑል፣

መርዶህን የሰማሁት ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው። ጋሽ አባይነህና የዕድሩ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራችን ላይ ሲቆሙ ገባኝ። መኪናህ በረዶ ላይ ተንሸራትታ የተገለበጠችው ግን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ያለ አበሻ ሁሉ ሰምቶ አድሯል። እኔ ብቻ ዓሦችህን መግቤ፣ እራትህን ከድኜ ተኝቻለሁ። «መርዶ በሌሊት አይነገርም» አሉኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ካንተ የቀረኝ የሚንቀሳቀስ ነገር በአኳሪየምህ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ያሉት ዓሦች ናቸው። እህትህ ሄዋን ውሃውን ትቀይራለች፤ እኔ እመግባለሁ። ጥቁሯ፣ ጅራተ ረጅሟ፣ ስጠጋ መስታወቱ ድረስ ትመጣለች። አንተን የምትጠብቅ ይመስለኛል።

ከአርባህ በኋላ ጋሽ አባይነህ ሌክውድ ሰፈር ካለ የዓሣ ሱቅ ብርቱካንማ ዓሦች በላስቲክ ይዘው መጡ። «ጌጥነሽ፣ ቤቱ ጭር እንዳይልብሽ ብዬ ነው» አሉና ከነውሃቸው ገንዳው ውስጥ ገለበጧቸው።

«ኖ፣ ጋሼ!» ብላ ሄዋን ጮኸች። «አዲስ ዓሣ መጀመሪያ ለብቻው ነው የሚቀመጠው!»

«ለቅሶ የመጣ እንግዳ ባልዲ ውስጥ ይታሰራል እንዴ?» ብለው ሳቁ።

እኔም አላስቆምኳቸውም። ሊያጽናና የመጣን ሰው እጅ እንዴት እመልሳለሁ?

ሳምንት ሳይሞላ አዲሶቹ ጨው የተነሰነሰባቸው መሰሉ። ሰውነታቸውን ድንጋይ ላይ ያሻሉ። ቀጥሎ ያንተዎቹን ያዛቸው። መድኃኒት ጨመርን፤ አልጠቀመም፤ ሞተው የተንሳፈፉትን እየለቀምን አወጣን።

ሄዋንን «ሱቁ ውሰጂኝ» አልኳት። ብርቱካንማዎቹ የተገዙበት ገንዳ እንዳለ ነው፤ ሁሉም ነጭ ነጥብ ወርሷቸዋል፣ አንዱ ሞቶ ሌሎቹ ይለቃቅሙታል። አንተ ሱቅ ለሱቅ ስታዞረኝ የምትለኝ ትዝ አለኝ። «እማዬ፣ የወደድሻትን ብቻ አትይ፤ ጎረቤቶቿንም እይ። ውሃው አንድ ነው። አንዱ ከታመመ ከዚያ ገንዳ ምንም አትግዢ። መቼ እንደመጡ ጠይቂ፤ ሲበሉ ካላሳዩሽ ውጪ።»

ሻጩ ሄዋንን «ውሃችሁን ቴስት አድርጋችኋል?» አላት።

«ይሄን ገንዳ አይቶታል ወይ በይው» አልኳት።

አይቶታል። ጋሽ አባይነህ ከመግዛታቸው በፊት ጀምሮ ዓሦቹ እንደታመሙ ያውቃል። «ሽማግሌው አልጠየቁኝም» አለ።

ልጄ፣ እዚያው በአማርኛ ጮህኩበት። «እያወቅህ? እያወቅህ ለለቅሶ ቤት ትሸጣለህ?»

«ማሚ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን! አንዲት ቃል ሳታስቀሪ ንገሪው!»

ነገረችው። ትከሻውን ነቀነቀና በምትኩ ሌላ ሊሰጠን መረቡን አነሳ። እዚያው ገንዳ ውስጥ ሊነክረው!

ማታ ጋሽ አባይነህ መጡ። «በቃ፣ ዓሣ ነው እኮ። ሻጩም ቢሆን ሥራው ነው» አሉኝ።

«እርስዎስ ያን ሌሊት አውቀው ዝም ብለውኝ የለ?»

«እንዳትደነግጪ ብለን ነው።»

«ድንጋጤው የኔ ነበር፣ ጋሼ። የልጄ ነበር። ለምን ወሰዳችሁብኝ?»

እኚያ ወሬ የማያልቅባቸው ሰው ቁጭ ብለው አለቀሱ። እኔ ግን አላባበልኳቸውም።

እኔ አንተን አልደብቅህም። ጥቁሯ ዛሬ ጠዋት ሞተች። በእጄ ይዣት ነበር። ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ብዬ፣ ሳይመሽብኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ።

ይህን የምታነቡ ወገኖች፣ ለሰው ቤት ሕይወት ያለው ነገር ይዛችሁ ስትሄዱ፣ ከየት እንደመጣና ጤናው እንዴት እንደሆነ ጠይቁ። የምታውቁትንም ክፉ ነገር ከባለቤቱ ደብቃችሁ አታሳድሩ። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሙ ደግሞ ልጄን አስቡልኝ። ሊዑል ብላችሁ አይደለም፤ ክርስትና ስሙ ወልደሚካኤል ነው። በዚያ ጥሩት፣ ነፍሱን ይማርልኝ።

እናትህ ጌጥነሽ