ባለቤቴን ልታድኑ ስትመጡ እባካችሁ በር አንኳኩ

ለአዲሱ ትውልድ ጀግኖች ማዕከል የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ነው እያልኩ፣ ይህ ደብዳቤ ልብዎ ሳይደነግጥ፣ ጣሪያዎ ሳይቀደድ፣ መስኮትዎም በቦታው እንዳለ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ማንበብም መጻፍም የማልችል ሽማግሌ ስሆን፣ የምናገረውን የምትጽፍልኝ ድሮ የጀግኖችን ካባ ትሰፋ የነበረችው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። ስድብ አልጽፍም ብላ ስላስማለችኝ፣ ከዚህ በታች ጨዋ የሆነው ሁሉ የእሷ፣ እውነት የሆነው ሁሉ የእኔ መሆኑን ይወቁልኝ።

ማን ነህ ቢሉኝ፣ የነጎድጓዱ ረዳት ነበርኩ። ነጎድጓዱን እንኳ ያውቁታል፤ ነፍሱን ይማረውና በአዳራሽዎ መግቢያ ላይ ፎቶግራፉ በትልቁ ተሰቅሏል። ከካባው ጫፍ ላይ የአንድ ሰው እጅ ይታያል፤ ያ እጅ እኔ ነኝ፤ የቀረው አካሌ ለክፈፉ ስለበዛ ተቆርጧል። ባለቤቴም የሌላ ጀግና ረዳት ነበረች፤ ያወቅኳት ጣሪያ ላይ ቆማ መንገድ ስትጠብቅ ነው። አሁን አርጅተን በመጨረሻው በአራተኛው ፎቅ ላይ በሁለት ክፍል ቤት እንኖራለን። የእሷ ልብ አንዳንዴ ምት ይዘላል። ሐኪሙ የእርጅና ነው፣ ኪኒኗን እየዋጠች አብራው ትኖራለች ብሎን ነበር፤ ከማዕከልዎ ጀግኖች አንዱ፣ ባለ ሰማያዊ ካባው ልጅዎ፣ እስኪሰማው ድረስም አብራው እየኖረች ነበር።

ይህ ልጅ እንደ ወፍ ይበራል፤ በግድግዳ ውስጥ አልፎ የሰው ልብ ሲመታ ይሰማል። ጆሮውን ፈጣሪ ይባርክለት። ችግሩ እግሩ ነው፤ ደረጃ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ባለቤቴ ውሃ የሞላ ባልዲ ይዛ ደረጃውን ወጥታ ወንበር ላይ አረፍ እንዳለች ልቧ አንዴ ስለዘለለ፣ ልጅዎ የተዘጋ መስኮት በርግዶ ገብቶ ከነወንበሯ ወደ ሆስፒታል ስላበረራት እናመሰግናለን። አየር ላይ ሳሉ «እማማ አይዞሽ፣ ላድንሽ ደርሻለሁ!» ሲላት፣ «ከማን?» ብላ ጠይቃው ነበር፤ መልሱን እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነው። ሐኪሞቹ አዲስ ነገር የለባትም ብለው ሸኟት። የሚመልሳት ጀግና ግን ስላልተመደበላት፣ አንድ ጫማዋን ሰማይ ላይ ጥላ፣ ወንበሯን ታቅፋ በአውቶቡስ ተመለሰች።

2ኛ. አዲሱ መስታወት እንዳይሰበርብን አስቦልን ይመስለኛል፣ በሁለተኛው ጊዜ በጣሪያ መጣ። ባለቤቴ ገላዋን እየታጠበች ስለነበር ዝርዝሩን ጸሐፊዬ አልጽፍም ብላለች።

3ኛ. ይህንን ሳስጽፍ አልስቅም። ባለቤቴ እኔ ባወራሁላት ወሬ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች ነበር። ሳቁ ልቧን አዘለለውና የማድ ቤቱ ግድግዳ ከነልጅዎ ላያችን ላይ ገባ። ሲመጣ ምንም አልሆነችም ነበር፤ የሆነችው ከመጣ በኋላ ነው። በጠረጴዛውና በምድጃው መካከል ወደቀች፣ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ሸሚዜን እንደጨበጠች ሆስፒታል እስክንደርስ አልለቀቀችም። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ትከሻዬን ይዞ፣ «አባባ፣ ልቧ ሌላ እንዲህ ያለ ድንጋጤ አይችልም» አለኝ። ከእሷ የምደብቀው ስለሌለኝ ነገርኳት። «ስንት ጠላት ያቃተውን የራሳችን ልጆች ሊጨርሱት ነው በለኛ!» አለችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ፈሪ አልነበርኩም። ድልድይ ሲፈርስ ከሥር ገብቼ ሰው አውጥቻለሁ። አሁን ግን እፈራለሁ። ይህን ቃል ልብስ ሰፊዋ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ሳትሰማው ቀርታ ሳይሆን አላምን ብላ ነው። ቀኑን ሙሉ የባለቤቴን እጅ ይዤ እውላለሁ። ምቱ ሲዘል የማየው ፊቷን አይደለም፤ ጣሪያውን ነው። ርግብ መስኮቱ ላይ ክንፏን ስታራግፍ ባለቤቴን በገላዬ እሸፍናለሁ። እንዳትስቅ ብዬ ቀልድ ትቻለሁ፤ እንዳትጮህ ብዬ ኳስ ማየት አቁመናል። እሷ ደግሞ ልቧ እንዳይሰማ ብላ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ይሄ ደግሞ ይብስባታል። በገዛ ቤታችን ፖሊስ እንደሚፈልገው ሌባ ተያይተን እንቀመጣለን። ድሮ እኛን ሲያዩ ይደበቁ የነበሩት ሌቦች ምን ይሰማቸው እንደነበር በስተርጅናዬ ስላሳወቃችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

4ኛ. አቤት ልል ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ። ፎቶግራፉ ሥር ቆሜ «ይህ እጅ የእኔ ነው» ብል፣ እንግዳ ተቀባይዋ «አባባ፣ ፎቶውን አይንኩት» አለችኝ። የበታች ሹምዎ ደግሞ በትህትና አስቀምጦኝ፣ ማዳመጡ ለአንድ ቤት ተብሎ እንደማይቋረጥ፣ አንድ ሰው ሳይድን ቢቀር ተጠያቂው ራሱ ሹሙ እንደሆነ አስረዳኝ። ድና ብትሞትስ ማን ይጠየቃል ብዬ ብጠይቀው መዝገብ ማገላበጥ ጀመረ። ታዲያ ልጁ ብቻውን ከሚመጣ ረዳት ስጡት ስል፣ በዚያ ያልፍ የነበረ አንድ ካባ ለባሽ ጎረምሳ፣ «ፋዘር፣ ረዳት እኮ ድሮ ቀረ!» ብሎኝ በመስኮት ወጣ። በሩ ክፍት ነበር።

እናንተ ረዳት ማለት ካባ ተሸካሚ ይመስላችኋል። ነጎድጓዱ ግድግዳ ከመምታቱ በፊት እኔ ቀድሜ እደርስና «ቤቶች! እኛ ነን፤ ከግድግዳው ራቅ በሉ፣ ልጆቹን ያዙ!» እል ነበር። ቤቱ እየነደደም ቢሆን «ቤቶች!» ሳይባል አይገባም። አንድ ትንፋሽ ቢወስድ ነው። አንዳንዱ ሌባ መስዬው በድስት ፈንክቶኛል፤ ይፈንክተኝ፣ የመጀመሪያውን ድንጋጤ መቀበል ሥራዬ ነበር። ነጎድጓዱ ሲገባ ሰዎቹ የሚያዩት ሊያድናቸው የመጣ ሰው እንጂ የሚፈርስ ግድግዳ አልነበረም።

እንግዲህ ቢሮዎ ስላልሰማኝ በጋዜጣ የምለምንዎ ትልቅ ነገር አይደለም። ልጁ ከመጣ በእግሩ ይምጣ፣ ያንኳኳ፣ ይጠብቅ። ማንኳኳት የሚያስተምረው ከጠፋ እኔ አለሁ። ይህም ከጀግንነት በታች ነው ከተባለ፣ ባለቤቴን አታድኗት፤ ከኪኒኗና ከእኔ ጋር ተዉልኝ።

እርስዎን ከመሰሉ አዳኞች እርስዎንም ይጠብቅልኝ እያልኩ፣ ባጎነብስ ቀና ማለት ስለሚያስቸግረኝ ሳላጎነብስ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የነጎድጓዱ ረዳት የነበርኩት
(ፊርማ ስለማልችል የጣት አሻራ)

ከአሻራው በኋላ የታከለ፦

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ይህን በጋዜጣ እስኪያነቡት ልጅዎ ሳስጽፍ ሰምቶ ጨርሶታል። ስለዚህ የቀረው ለእሱ ነው፤ እርስዎ ቢዘሉት አይቀየሙ፣ በሕይወት ስላለ ሰው ነውና ከሥራዎ ጋር አይገናኝም።

አንተ ልጅ፣ አሁን ምቷ ሲዘል ሰምተሃል። እኔም እጇን ይዤ ነበር፤ ሁለቴ ዘለለ። መምጣትህ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ ክፉ ልጅ እንዳልሆንክም አውቃለሁ። ታች መንገዱ ላይ እረፍና ደረጃውን በእግርህ ውጣ፤ ካባህን ሰብሰብ አድርገው፣ ደረጃው ጠባብ ነው። ልብስ ሰፊዋን አጠገቧ ትቼ ወደ በሩ ልሄድ ነው። እዚያ ፈርቼ ቆሜ ብታየኝ እንዳትስቅ። «ቤቶች!» የምለው እኔ ነኝ። ባለቤቴ «ግቡ» እስክትል ድረስ ከኋላዬ ቁም።