አጌዳችንን ለሕክምና ወስደው ላስቀሩብን ክቡር ዳይሬክተር

ለክቡር ዶን ሌአንድሮ አምፑዲያ
የአልሞንታር ከተማ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ወንበርዎም የጸና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በልጅነትዎ ትንሽ ብርድ ሲነካዎ ጉሮሮዎ ወዲያው ይዘጋ ስለነበር፣ ሥዕሎቹ እንዳይበላሹ ተብሎ በአዳራሾችዎ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር እንዳይጎዳዎ ያሳስበኛል። አንገትዎን ሸፈን ያድርጉ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ በማውጣቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በስልክ ላገኝዎ ብዙ ደክሜ ነበር። ጸሐፊዎ ትሕትና ያላት ልጅ ናት፤ «ማን ልበል?» ብላ ስትጠይቀኝ «ክርስትና እናቱ ነኝ» አልኳት፤ እሷም ጥቂት አሰብ አድርጋ «ከየትኛው መሥሪያ ቤት?» አለችኝ። ከቫልሞሪታ መንደር፣ ከቅድስት አጌዳ የሴቶች ማኅበር ብዬ ነገርኳት። ስብሰባ ላይ ነዎት አለች። በደወልኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ያን ሁሉ ስብሰባ የሚችል ጫንቃ የሰጠዎትን አምላክ አመሰግናለሁ።

ሥርዓት የሚወዱ ሰው ስለሆኑ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ወይኑ ተለቅሞ ባለቀ ሰሞን፣ መንደራችን ድረስ መጥተው ስለጎበኙን አመሰግናለሁ። እቤቴ ገብተው የበግ ጥብሱን በልተው፣ ምስሩን ደግመው፣ «ቤኒ፣ እንዳንቺ የሚያበስል ከተማ ውስጥ የለም» ብለውኝ ነበር። ከምሳ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩዎት። ስለ እምነቷ የተቆረጡትን ጡቶቿን በሳህን ይዛ የቆመችውን አጌዳችንን፣ የቅድመ አያቶቻችን ማኅበር ከዋልነት እንጨት ያስቀረጻትን፣ ጆሮዎን ቀሚሷ ላይ ለጥፈው በጣትዎ መታ መታ ቢያደርጓት ከውስጧ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ፈሰሰ። «ነቀዝ ከውስጥ እየጨረሳት ነው» አሉ። እውነትዎን ነበር፤ አልክድም። «ሆስፒታል እንደገባች ቁጠሩት። ታክማ ለበዓሏ ትመለሳለች» አሉ። ይህንንም እውነት ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ሕዝቡ ግን እንደኔ ልበ ቀና አልነበረም። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ በተሰበሰብን ጊዜ ካሲያኖ፣ ያ በጎቹን ከሸጠ ወዲህ ከሰው ጋር መከራከር ሥራው የሆነው ሽማግሌ፣ ተነሥቶ የተናገረውን እርስዎም ሰምተዋል። «ከተማ የገባ ነገር ሲመለስ ያየ አለ? የኔ ሁለት ልጆች ለአንድ በጋ ብለው ነው የሄዱት፤ ይኸው መንገድ መንገዱን እያየሁ ቀረሁ። ወረቀት ይፈረምልን።» ሰዉም «እውነቱን ነው፣ እውነቱን ነው» ማለት ጀመረ። እርስዎ ጫማዎን ያዩ ነበር። የተነሣሁት እኔ ነበርኩ። «ካሲያኖ፣ አፍህን ሰብስብ። ይህን ልጅ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ለገዛ ልጅ ወረቀት አይጻፍም። ቃሉ ቃሌ ነው» አልኩ። ካሲያኖ ተቀመጠ፤ ሰዉም በቃሌ ተስማማ። ጎረቤቴ ኤውፌሚያ ለሠርጓ የተሸመነላትን ብርድ ልብስ ከቤቷ አምጥታ፣ ሕፃን እንደምትጠቀልል አድርጋ ጠቀለለቻትና መኪናዎ ላይ ጫንንልዎ።

ሁለተኛ፣ በዚያው ዓመት የካቲት፣ የአጌዳ በዓል ሲደርስ «ቀለሟ ገና አልደረቀም» ብለው ስላስታወቁን አመሰግናለሁ። እርስዎ ያደጉበት በዓል ስለሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ በዚያ ቀን በቫልሞሪታ የሚሾሙትም የሚሽሩትም ሴቶች ናቸው፣ ወንዶቹ ወጥ ይሠራሉ፣ ጨው ቢበዛበትም ዝም ተብሎ ይበላል። አጌዳን በቃሬዛዋ ተሸክመን መንደሩን የምንዞረውም እኛ ነን። ያን ዓመት ሳንሸከማት ቀረን። «ታማ ነዋ፣ በሽተኛ ከአልጋ አይነሣም» ተባብለን ተጽናናን።

ሦስተኛው ምስጋና ረዘም ስለሚል ቁጥሩን እዚህ ላይ ብተወው ቅር እንዳይልዎ።

ባለፈው መከር ኤውፌሚያ ግራ ጡቷ ውስጥ እብጠት አገኘች። ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ሞኞች አይደለንም፣ በሽታን ሐኪም እንደሚያክም እናውቃለን። የቀዶ ሕክምናዋ ቀን ከአጌዳ በዓል በኋላ ባለው ሳምንት ሆነ። እናትዎ እርስዎን ስታጠባ ጡቷ ቆስሎ በነበረ ጊዜ ምን እንዳደረገች ሲነገር ሰምተው አድገዋል፤ መሐረቧን በአጌዳ ቀሚስ ጫፍ ላይ አሽታ ደረቷ ውስጥ ያዘች። ይህ ያድናል አያድንም የሚለውን ለቄሱና ለሐኪሙ ትቻለሁ። እኔ የማውቀው፣ ወደዚያ ክፍል የምትገባ ሴት ባዶ እጇን እንዳልሆነች እንደሚሰማት ነው። ኤውፌሚያም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር። «ቤኒልዴ፣ አንቺ ነሽ ዋስ የሆንሽለት። ለበዓሉ ያመጣታል?» አለችኝ። «ያመጣታል» አልኳት። ስልክ መደወል የጀመርኩት በማግስቱ ነው።

እርስዎ ካልመጡ እኛ እንሂድ ብለን፣ በበዓሉ ቀን ጠዋት ቀሚሳችንንና ባለ ዶቃ ካባችንን ለብሰን፣ አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ አልሞንታር ወረድን። እናትዎ ዶሚቲላም አብራን ነበረች። ለበዓሉ በጡት ቅርጽ የምንጋግረውን የለውዝ ኬክ በቅርጫት ይዛልዎ መጥታ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ጉልበቷ ላይ እንዳቀፈችው ነው የደረስነው። በር ላይ ያለው ጥበቃ ምግብ ወደ ውስጥ አይገባም ብሎ ተቀበላት። እሷም «ለዳይሬክተሩ ነው፣ ልጄ ነው» አለችው። እሱ በትሕትና «ሁሉም እንደዚያ ይላሉ፣ እማማ» አላት።

ክቡር ሆይ፣ ሙዚየምዎ ያምራል። ደረጃው ሰፊ ነው፣ መብራቱ ዓይን አይወጋም። አጌዳችን ብቻዋን በአንድ ክፍል፣ ከፍ ባለ ነጭ መቆሚያ ላይ፣ ዙሪያዋን በቀይ ገመድ ታጥራ ቆማ አገኘናት። ውበቷን ብክድ እዋሻለሁ። ዓይኖቿ አረንጓዴ መሆናቸውን በዕድሜዬ አላውቅም ነበር፤ የሻማ ጢስ ሸፍኖብን ኖሯል። አንዳንዶቻችን አለቀስን። በዚያች ደቂቃ በእርስዎ ኮርቼ ነበር፤ ለካሲያኖ የምነግረውን ሁሉ በልቤ እያዘጋጀሁ ነበር።

ያን ጊዜ ነው አስጎብኚዋ ልጅ ሌሎች ጎብኚዎችን እየመራች የገባችው። በጠራ ድምፅ፣ «ይህችን ድንቅ ሥራ የቫልሞሪታ ሕዝብ የሚያስቀምጥበት ተስማሚ ቦታ ስለሌለው ለሙዚየማችን በስጦታ አበርክቷል» አለች። ቀጥላም «የቀሚሷ ጫፍ ለዘመናት በአላዋቂ እጆች ሲታሽ ኖሮ ቀለሙ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን እንደምታዩት እድፉ ተጠርጎ ታድሷል» አለች።

«ማነው የሰጠው?» አለች ኤውፌሚያ።

«የመንደሩ ሕዝብ ነዋ» አለች ልጅቷ።

«የመንደሩ ሕዝብማ እኛ ነን።»

ልጅቷ ቀሚሳችንን አየች፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «እኔ እንጃ እትዬ፣ እንደዚህ በሉ ብለው ያስጠኑን ዳይሬክተሩ ራሳቸው ናቸው» አለች። አይቆጧት፤ ልጅቷ የተባለችውን ነው ያደረገችው።

ኤውፌሚያ መሐረቧን ከደረቷ አውጥታ፣ ገመዱን ከፍ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ አለፈች። እጇ ቀሚሱ ጋ ሳይደርስ የማስጠንቀቂያ ደወል ጮኸ። ጥበቃው ሮጦ መጥቶ በሁለት እጁ ክንዷን ያዛት። አልገፋትም፣ ይህንንም ልመስክርለት፤ «እናቴ፣ እባክሽን፣ ከሥራዬ ታስወጪኛለሽ» ነበር የሚላት። እሷም «አንዴ ብቻ፣ ጫፏን ብቻ» ትለው ነበር።

እርስዎ ከላይ፣ ከባህል መምሪያው ከመጡ እንግዶችዎ ጋር በደረጃው ወረዱ። ልቤ መለስ አለ። «ሌአንድሮ» ብዬ ጠራሁዎ። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «እመቤቴ፣ ቅሬታ ካለዎት መግቢያው ላይ ያሉትን ሠራተኞች ያነጋግሩ» አሉኝ።

በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜዬ እንዲህ በአክብሮት የተጠራሁበት ቀን የለም፤ ስለዚህም በዚህ ደብዳቤ አክብሮትዎን በአክብሮት ለመመለስ እየጣርኩ ነው። ከኔ ጀርባ የቆመችውን፣ የወለደችዎትን ሴትም አዩአት። እንዳላዩአት አድርገው ይናገሩ ይሆናል፤ እኔ ግን ሲያዩአት አይቻለሁ። ዓይንዎ ከፊቷ ወደ ካባዋ ወረደ፣ ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረ። «የገጠር ሰዎች ናቸው፣ ዛሬ በዓል አላቸው» አሉ። እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ፎቶ አነሡን። በምስሉ ላይ እናትዎ መካከል ላይ ሳትሆን አትቀርም፤ ቢሮዎ ውስጥ ቢሰቅሉት ክፍሉን ያሳምረዋል።

ቅርጫቱን መውጫው ላይ መለሱልን። በአውቶቡሱ ውስጥ ዶሚቲላ ተነሥታ፣ ወንበር እየያዘች፣ ኬኩን ለሁላችን አደለችን። ሳንራብ በላን፤ ባንበላላት ምን ትሆን ነበር።

መንደር ስንገባ ወንዶቹ ወጡን ሠርተው አደባባዩ ላይ ይጠብቁን ነበር። ፊታችንን አይተው መንገድ ለቀቁልን። እኛም ቤተ ክርስቲያን ገብተን ባዶውን ቃሬዛ በትከሻችን አንሥተን ወጣን። ኤውፌሚያን አትሸከሚም ብንላት እምቢ አለች። እንጨት ብቻ ነው፣ ቀላል መሆን ነበረበት፤ ሁለት ቦታ ላይ አስቀምጠን አረፍን። ካሲያኖ ኮፍያውን አውልቆ ከኋላችን ተከተለን። «ነግሬሽ አልነበረም?» እንዲለኝ እየጠበቅሁ ነበር የምሄደው። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። አላለኝም፤ እቤቴ በር ድረስ አደረሰኝና «በይ ደህና እደሪ፣ ቤኒልዴ» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በመንደሩ ሰው ሁሉ ያከብረኛል። ቀድሞ ስናገር የሚከራከረኝ ብዙ ነበር፤ አሁን ዳቦ መሸጫውም ጋ ሆነ ማኅበሩ ላይ አንድ ነገር ስል «እሺ፣ እሺ» ብለው ወሬ ይለውጣሉ። ዋስትናዬን የሚፈልግ የለም። ባለቤቴ ሲሞት ቤትና ወይን ተወልኝ፤ እነሱ አሉ። አባቴ የተወልኝ ግን «የቤኒልዴ ቃል» የሚባለውን ነበር፣ እሱን እርስዎ ከአጌዳ ጋር ጠቅልለው ወሰዱት። ይህንንም በመስታወት ሣጥን አድርገው ከሥሩ «የመንደሩ ስጦታ» ብለው ይጻፉበት።

ኤውፌሚያ በሕይወት አለች። ጡቷን አጥታለች፤ ሐኪሙ በሽታውን በጊዜ ደርሼበታለሁ ብሏታል፣ እኛም አምነናል። ምንም ያልነካ መሐረቧን ይዛ ገብታ ይዛው ወጣች። ሄጄ ስጠይቃት በእርስዎ ላይ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ ትራሷን ደገፍ ብላ «እኔስ ከሆስፒታል ወጣሁ። እሷ መቼ ነው የምትወጣው?» አለችኝ። እኔም ጥያቄዋን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ፤ ከስብሰባ ሲወጡ ይመልሱላት።

የጥበብ ጠባቂ፣ የቅርስ ሐኪም፣ የመምሪያው እንግዶች ወዳጅና የቫልሞሪታ ልጅ ለሆኑት ለክቡርነትዎ፣ በሙዚየምዎ ደወል እየተቀሰቀሱ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ የምትመኝልዎ፣ ታላቅ አክብሮትዎ ያልተገባት

ቤኒልዴ ካርቫሆሳ
የቅድስት አጌዳ የሴቶች ማኅበር የዘንድሮ ሹም
ቫልሞሪታ

ማስታወሻ፦ ሌአንድሮ፣ ማኅበሩ አጌዳን በፍርድ ቤት ሊጠይቅ ወስኗል፤ ጠበቃም ይዘናል። የክሱን ማመልከቻ ማን ቀድሞ ይፈርም ሲባል ሁላችንም አንተን እያሰብን አንገታችንን ደፋን። እናትህ መነጽሯን አደረገች፣ ሁሉንም ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበች፣ ከዚያ ስሟን ከሁላችን በላይ ጻፈች።