እማዬ ደረጃውን አልወጣችም

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ባለህበት በደስታ ያግኝህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ደረቅ ሳልህስ ለቀቀህ? ወይስ አሁንም ስለ ሰብአዊ መብት ከምትጽፈው መጽሐፍ ጋር ስትፋጠጥ ይነጋልሃል? እኛ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት እንደ ድሮው እንደታመመ ነው፣ ምላሷ ግን ተመስገን ጤነኛ ነው። የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው።

አከራያችን የእማዬን ልብስ መስፊያ ቤት ለእህቱ ልጅ ሊሰጥ አስቦ፣ የስፌት መኪናዋ ቤቱ ውስጥ እንዳለ በራሱ ቁልፍ እንደቆለፈባት ሰምተሃል። ከሰስነው። ችሎቱ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጀመሪያ በተቀጠርንበት ቀን እማዬን ምድር ቤት አስቀምጬ ልንገራቸው ብዬ ስወጣ፣ ስሟ ተጠርቶ «ከሳሽ አልቀረበችም» ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። «ታች ናት እኮ!» ብል ማን ሰምቶኝ። ግድግዳው ላይ «ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው» የሚል ተሰቅሏል፤ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ! መብት ሰው በመሆን ብቻ የሚገኝ ነው እያልክ ስታስተምረን ስለ ደረጃ አንድም ቀን አላነሳህም።

በስንት ልመና መዝገቡን አስከፈትን። ባለፈው ማክሰኞ ስንሄድ ጥበቃው አዝኖላት «እማማ፣ ልዘልዎት» አላት። «ጆንያ መሰልኩህ እንዴ?» ብላ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ዛሬም ቀረች ከተባለ መኪናዋ እዚያው ዝጎ መቅረቱ ነው። ከላይ ስሟ ሲጠራ ግን፣ እኛን ከሰፈር ዳር ይመልሰን በነበረው ድምጿ «አቤት! አለሁ!» አለች። ሕንጻው በሙሉ ዞሮ አየን። ስም ጠሪው በደረጃው ብቅ ብሎ «ይውጡ እንጂ!» ሲላት፣ «ቀርቤያለሁ። እኔ መውጣት ቢያቅተኝ እነሱ መውረድ አያቅታቸውም» አለችው።

ዳኛዋ ወረዱ፣ ወንድም ጋሼ! ካባቸውን ሰብስበው፣ አከራያችንን አስከትለው። «በማን ትእዛዝ ቆለፍክ?» ሲሉት «ቤቱ የራሴ ነው» አለ። ቤቱ ይከፈት ብለው እዚያው አዘዙ። እንደዚያ ቀን በእናቴ ኮርቼ አላውቅም። ዳኛዋ ሊመለሱ ሲሉ ክራንች የያዙ አንድ አዛውንት «የእኔም መዝገብ የተዘጋው እንዲሁ ነው» አሉ። ከጥጉም አንዲት እርጉዝ እጇን አወጣች። ዳኛዋ ወንበር አስመጥተው እስከ ምሳ ሰዓት ምድር ቤት አስቻሉ።

ባለቤቴ እጅ ይነሳሃል። ልጆቼ ያቺን የላክሃትን ኳስ እየተናጠቁ ይስሙሃል። አክስታችንን በጣም ናፍቀሃታል። እማዬም ከመኪናዋ ቀና ሳትል ጉንጭህን ስማ፣ «መጽሐፉ ላይ ደረጃውን እንዳይረሳ በይው» ብላሃለች።

እህትህ

ከእማዬ ልብስ መስፊያ ቤት፣ በሩ በተከፈተ ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት