ሳይጠሩት የሚገባ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2
ኅዳር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ፣

አባባ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ሳልዎ ለቆዎት፣ ጉልበትዎ በርትቶ ያግኝዎት። እኔና ልጄ ሳፊያ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጆሮዎ ስልክ ስለማይዝልዎ፣ ወንድሜ ሙሐዲንም መልእክት ሲያደርስ ግማሹን መንገድ ላይ ስለሚጥለው፣ ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ጻፍኩ።

ባለፈው ሳምንት ደውሎ «አባባ ዕቃሽን ሰብስበሽ ነዪ ብለውሻል» አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው አፍሮ አድበሰበሰ። በስንት ውትወታ አወጣሁት። ለካ የባሌ የዘይድ ወንድም ሙጠሊብ ድሬዳዋ ድረስ ደውሎ፣ ዘይድ ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ ናዒማ ኮምፒውተር ላይ የብልግና ሥዕል ስታይ ትውላለች ብሎ አስነግሮዎታል። አባባ፣ ዕቃዬን አልሰበስብም። አልመጣምም። የሆነውን ልንገርዎ።

ኮምፒውተሩ ዘይድ ገዝቶ ሳሎን ያስቀመጠው ነው። የዱባይ ነጋዴዎች የጨርቅ ናሙና ፎቶ የሚልኩልን በሱ ነው። ዘይድ ሲሞት ሙጠሊብ የጨርቅ ሱቃችንን ልያዘው አለ። እኔ ግን ዒዳዬን፣ የባል ሐዘን ወራቴን፣ እንደጨረስኩ ማዕከላዊ ገበያ ሄጄ ሱቁን ራሴ ከፈትኩ፤ ኢሜይል መጻፍም ለመድኩ። ከዚያ ደግሞ ሙጠሊብ እኔን ሊያገባ እንደሚፈልግ ከኔ ጋር በሚኖሩት እናቱ በኩል ላከብኝ። አይሆንም አልኩ። ያንን ካልኩ በኋላ «እናቴን ልጠይቅ» እያለ ይመጣል፤ እኔ ሱቅ ስውል እሱ የዘይድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል።

ከዒድ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ የዱባዩን መልእክት ልከፍት ስል ምንም ሳልነካ አንድ ማስታወቂያ ብቅ አለ። በፈረንሳይኛ «ሽልማት ደርሶዎታል» ይላል። ስዘጋው ሁለት ሆኖ መጣ። እነሱን ስዘጋ ራቁታቸውን የሆኑ ሴቶች ስክሪኑን ሞሉት። ሳፊያ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ነበረች፤ አማቴ እማማ ፋጤ ደግሞ ከኋላዬ ፍራሹ ላይ። ሻሼን ገፍፌ ስክሪኑ ላይ ጣልኩት። እማማ ፋጤ ግን አይተዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እራትም አብረውኝ አልበሉም።

በማግስቱ «ኮምፒውተርዎ ታሟል፣ ለማከም እዚህ ይጫኑ» የሚል መጣ። አምኜው ተጫንኩ፤ ጭራሽ ባሰበት። ኢሜይሉም አልከፈት አለ። ሙጠሊብ እናቱ ፊት፣ ወንድ የሌለበት ቤት እንዲህ ነው፣ ማሽን የለመደውን ነው የሚያሳየው አለና ወደ ቤቱ ሊወስደው ገመዱን መንቀል ጀመረ። እጄን ገመዱ ላይ ጫንኩበት። «ከዚህ ቤት አይወጣም» አልኩት። እርስዎ ዘንድ የደወለው ያን ዕለት ነው።

ከሱቃችን አጠገብ ኢንተርኔት ቤት የምትሠራ ትርሲት የምትባል የናዝሬት ልጅ አለች። ከኔ ጨርቅ ትገዛለች። አፌ እየተሳሰረ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ በነጻ ከሚገኝ ፕሮግራም ጋር ተደብቆ እንደሚመጣ አስረዳችኝ። «ሳይጠሩት የሚገባ ነው» አለች፤ «በሩን የከፈተለት ሰው ግን አይጠፋም።»

ዓርብ ሱቁን ዘግቼ ቤት ይዣት መጣሁ። መጀመሪያ የኢንተርኔቱን መስመር አስነቀለችኝ። ከዚያ ማውሱን ለኔ ሰጥታ፣ ማሽኑ ላይ የተጫኑትን ፕሮግራሞች አሳየችኝ። ፊልም በነጻ የሚያወርድ፣ ጓደኞቹን አስከትሎ የገባ አንድ ፕሮግራም አገኘን። እኔ አላውቀውም። እሱንም ጓደኞቹንም በእጄ አጠፋኋቸው። እምቢ ያሉትን ይዛው በመጣችው ማጽጃ ፕሮግራም ፈልገን ነቀልናቸው። ማስታወቂያ ብቅ እንዳይል የሚከለክለውን ቁልፍም አሳየችኝ፤ ለማሽኑ የይለፍ ቃል አስገባሁ። መስመሩን መልሰን ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። የመጣ የለም። የዱባዩ ፎቶዎች ብቻ ተከፈቱ፤ የሰርግ ጨርቆች፣ ቢያዩዋቸው ደስ የሚሉ።

ቅዳሜ ሙጠሊብ መጣ። እኔም ሆን ብዬ ቤት ቀርቼ ነበር። ማሽኑ መዳኑን እናቱም እንዲያዩ ብዬ ራሴ ከፈትኩለት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፈለገ፣ ፈለገና ተቆጣ።

«ፊልም የማወርድበትን ማነው ያጠፋው?»

«አንተ ነህ ያስገባኸው?» አልኩት።

እማማ ፋጤ ከፍራሹ ላይ ቀና አሉ። «ሙጠሊብ፣ ከወንበሯ ተነሥ» አሉ።

ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ የወንድሜ ዕቃ ነው፣ የይለፍ ቃሉን ንገሪኝ አለ።

«ስለ ሱቁ መጠየቅ ከፈለግህ ሱቅ ና፣ እነግርሃለሁ» አልኩት። «ይኼን ግን አልነግርህም። ዘይድ ትቶት ከሄደው ዕቃ ጋርም አትቁጠረኝ።»

ሄደ። ያን ማታ እማማ ፋጤ ከኔ ገበታ በሉ።

አባባ፣ ሙጠሊብ የሚፈልገውን ስለማውቅ የሱ ነገር ብዙም አልጎዳኝም። እርስዎ ግን ዕቃሽን ሰብስቢ ከማለትዎ በፊት እውነት ነው ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ይህን ሳልጽፍ ላልፈው አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ሊወስደኝ ሙሐዲንን እንዳይልኩት፤ ቢመጣም ብቻውን ነው የሚመለሰው። እርስዎ ሊጠይቁን ከመጡ ግን ቤቱ ቤትዎ ነው። ሊወስዱኝ ከሆነ አይድከሙ።

አላህ ጤናዎንና ዕድሜዎን ይጠብቅልኝ። ዱዓዎ አይለየኝ፤ ተቆጥተውም ቢሆን ያድርጉልኝ። ይህን አንብበው ሲጨርሱ ደግሞ፣ በሰው ሳይሆን ራስዎ ይደውሉልኝ። ጆሮዎ መልሴን ባይዝልዎ እንኳ፣ እኔ ድምፅዎን እሰማለሁ።

ልጅዎ
ናዒማ