ደሜ ለአንተ የነገረህ

ለወንድሜ፣

አካም ጅርታ? ናጋ ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እዚህ ነጌሌ ዝናቡ ዘንድሮ ሳይዘገይ ገባ፤ ሊበን ያሉ ዘመዶቻችንም ከብቶቹ ጠግበዋል እያሉ ነው። እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ፣ የእኔን ነገር ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ይህን በደብዳቤ እንጂ በስልክ ያላደረግኩት እጮህብሃለሁ፣ አንተም ትዘጋብኛለህ ብዬ ነው።

እዚያ እናንተ ከተማ ጡቴ ከተቆረጠ በኋላ ሐኪሙ ለሁለታችን ያለውን አትረሳውም። በየጊዜው ደም እንወስዳለን፤ ከዕጢው የሚረግፍ ነገር ደም ውስጥ ስለሚገኝ፣ በሽታው ከተመለሰ በምስል ከመታየቱ በፊት ደሙ ይናገራል፤ ያኔ ቶሎ መድኃኒት እንቀይራለን አለን። እኔ ሞያሌን አልፌ አላውቅ፣ ደሜ ግን ባሕር ማዶ ሄዶ ሊመረመር ነው ብለን ስቀን ነበር። የአስታማሚ ስልክ ሲሉኝ ያንተን ሰጠሁ። ከአንተ ሌላ ማን አለኝ ብዬ!

በጥቅምት ደውለህ ደምሽ ንጹሕ ነው፣ ጌታ ይመስገን አልከኝ። እኔም ጸሎት ቤት ቆሜ መሰከርኩ፤ ምእመኑ እልል አለልኝ። ወይኔ ጉዴ!

ባለፈው ሳምንት ውድነሽ መጣች። ያቺ የአጥር ጠበኛዬ፣ መንገድ ስንገናኝ ፊቷን የምታዞረው። ኦቦ አብዱባን ሽማግሌ አድርጋ እግሬ ላይ ልትወድቅ! እኛ አገር ከሚሞት ሰው ጋር ተኳርፎ መቅረት ነውር ነው፤ ጠበኛ ሳይጠሩት መጥቶ ይቅር በይኝ ሲል ምን ማለት እንደሆነ እኔም አንተም እናውቃለን። ኦቦ አብዱባን ማን ላካችሁ አልኳቸው። ወሬውን ወደ ዝናቡ መለሱት። ውድነሽ ግን መች ዝም ብላ ታውቃለች! ወንድምሽ ከጥቅምት ጀምሮ ያውቃል፣ በሽታው ደምሽ ውስጥ ታይቷል፣ ሳትታረቅ እንዳትሞትብኝ ብሎ ኦቦ አብዱባን ለምኖ ነው አለችኝ።

መርዶዬን ለሰፈር አርድተህ እኔን ደበቅከኝ! ልቧ እንዳይሰበር ብዬ ነው ትለኛለህ። አውቃለሁ፤ እናታችንንም እንዲሁ ደብቀን ነው የሸኘናት። ያኔ ግን ብንነግራትም የሚደረግላት ነገር አልነበረም። የእኔ ደም እኮ ቀድሞ የሚናገረው መድኃኒት እንዲቀየርልኝ ነው። አንተ መታከሜን ትተህ እርቄን ታደራጃለህ! ከዳኸኝ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ አንተ ከዳኸኝ።

ሐኪሙ ጋ ራሴ ደወልኩ። ለወንድምዎ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፣ ትመጣለች እያለኝ ነበር አለኝ። አሁንስ ጊዜ አለኝ ወይ ስለው፣ በጥቅምት ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር አለ። ከዚያ ሰኞ ይምጡና አዲሱን መድኃኒት እንጀምር አለኝ። እመጣለሁ። ቤትህ ግን አላርፍም። ውድነሽ አብራኝ ትመጣለች፤ እህቷ ጋ ነው የምናርፈው። የአጥሩን ነገር ገና አልተስማማንም፣ መንገዱን ሙሉ እየተጨቃጨቅን መሄዳችን ነው።

የአስታማሚ ስልክ ቀይሩልኝ ብዬ የእሷን ሰጥቻለሁ።

ልጆቹን ሳምልኝ። ምንም አትንገራቸው ልልህ ነበር፤ ተወው፣ ንገራቸው። አንተንም ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። የታመምክ ዕለት ግን እውነቱን የሚነግርህ ሰው አይንሳህ።

አዝላ ያሳደገችህ እህትህ