«አይዞህ» በእንግሊዝኛ

ለእታለሜ ለኮከብ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የእማዬ ወገብ ክረምቱን እንዴት ቻለው? ልጆቹንስ ጉንፋኑ ለቀቃቸው? ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው ወደ መተማ የሚያልፍ ሰው ጠፍቶ፣ የስልክ መስመሩም ተቋርጦ ወሬያችሁ ከራቀኝ ከረመ።

እዚህ ሱዳን፣ ከዶካ ከተማ ወዲያ ያለው የምሠራበት የሰሊጥ እርሻ ዘንድሮ በጦርነቱ ሳይታረስ ቀረ። ጓደኞቼ ሁሉ ተበተኑ፤ አሠሪዬ ትራክተሩን እንድጠብቅ እኔን ብቻ አስቀረኝ። ዶካ ስልክ የሚጠግነው የወሎው ልጅ ሉጥፊ ስልኬ ላይ የእንግሊዝኛ ትምህርት ጭኖልኝ ስለነበር፣ ዝምታው ሲከብደኝ እሱን መስማት ጀመርኩ። የመጽሐፍ እንግሊዝኛ አይደለም፤ ጓደኛ ከጓደኛው የሚጫወትበት ነው። አስተማሪው ቃሉን ይልና ፍቺውን በአማርኛ ነግሮ ምሳሌ ይሰጣል። «በዲ» የቅርብ ጓደኛ ነው፤ ምሳሌው «ከበዲዬ ጋር ኳስ አየን» ይላል። «ሀንግ አውት» ከሚወዱት ሰው ጋር እንዲሁ ሲጫወቱ መዋል ነው። የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ሥሩ ሲል ግን የማስገባው ሰው አጣለሁ፤ ስለዚህ አንቺን አስገባለሁ። ትራክተሩ ሥር ተቀምጬ ጮክ ብዬ ነው የምመልሰው፤ አትሳቂብኝ።

ባለፈው ሳምንት የአንድ እርዳታ ድርጅት መኪና እርሻው አጠገብ ዋልካ ውስጥ ሰመጠ። ሾፌሩ ሱዳናዊ፣ አብራው ያለችው ነርስ ኬንያዊት ናት። ከጎማው ሥር ጆንያና ጭራሮ እየጎዘጎዝን ስንገፋ ዋልን። መኪናው ሲወጣ ጎጆዬንና ባዶውን ማሳ አየት አድርጋ፣ «ብቻህን ነህ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «አዎ፣ ግን ደህና ነኝ» አልኳት። ጭቃ የሆነ እጄን ጨበጠችና፣ «ሀንግ ኢን ዜር» ብላኝ ሄደች።

ቃሉን ተምሬዋለሁ። ፍቺው በችግር ጊዜ መጽናት ነው፤ ምሳሌው ፈተና ስለከበደው ተማሪ ነበር። በእኛ ግን አይዞህ ማለት ነው። ኮከብዬ፣ አይዞህ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ስንት ጊዜዬ ነው? መኪናው ከዓይኔ እስኪሰወር ቆምኩና እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ዶካ ድረስ በእግሬ ሄጄ አሠሪዬን ከእንግዲህ ብቻዬን አልቀመጥም አልኩት። ተቆጣ፤ ሌላ ሥራ እንደማላገኝም ነገረኝ። ሉጥፊ ግን ከሱቁ ጀርባ ማደሪያ ሰጠኝ፤ ገበያ ውስጥ ጭነት እያወረድኩ ነው። ናፍቆቱ አልለቀቀኝም፤ ቢሆንም ጠዋት እንዴት አደርክ የሚለኝ ሰው አለ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባልሽን ይታያልን፣ ጎረቤታችንን እትዬ አሰጋሽን ሰላም በይልኝ። ትንሿ ልጅሽ ሐመልማል መልኬን ረስታው ከሆነ አትቆጪያት፤ መንገዱ ሲደርቅ መጥቼ እንደ አዲስ እንተዋወቃለን።

ወንድምሽ ደመቀ
ዶካ፣ ነሐሴ ፲፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.