ስለ አራጌ ደም ለወንድሜ ለገዛኸኝ

ለተወደድከው ወንድሜ ለገዛኸኝ፤ ሰላም ለአንተና ለቤትህ ይሁን። እንደምን ሰንብተሃል? ራሔልስ እንዴት ናት? ያ የወገብ ሕመሟ ቀለል አላት? ቅድስት ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የደርባን ኑሮስ እንዴት አድርጎ ይዟችኋል? እኔ ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ከማጉረምረሙ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ናት። ከመካከላችን የጎደለውን ግን አንተም ታውቀዋለህና፣ ደህና ነን ስልህ እንደ ድሮው አይምሰልህ።

ስልኩን ትቼ ወረቀት የያዝኩት ሳልጨርስ ስለምትዘጋብኝ ነው። አልተቀየምኩህም፤ ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርገዋል። ወረቀት ግን መሃል ላይ አይዘጋም። ወደ እናንተ የሚመለስ የሮቢት ልጅ ስላገኘሁ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። ንዴትህ በረድ ሲልልህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ የሆነውን እንደሆነ ልንገርህ፤ የደረሰህ ወሬ ብዙ እጅ የነካው ነውና። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቁሮ ነበር፤ እኛ ዘንድ ጠብታም አልወረደም። ጎርፉ ሲመጣ ሰው ሁሉ አካፋና ዶማውን ይዞ ጎርፉን ወደ ማሳ ወደምንጠልፍበት ክትር ወጣ። የላይኛው ማሳ የሙህሲን፣ የታችኛው የወንድማችን የአራጌ ነው። ደንቡን አንተም ያደግህበት ነው፤ የላይኛው ማሳው ሲጠግብ ክትሩን ቆርጦ ውሃውን ወደ ታች ይለቃል። ከመቁረጡ በፊት ይጣራል፤ የታችኛው «ልቀቀው» ብሎ እስኪመልስለት ዶማ አያነሳም። ሙህሲን ተጣርቷል። መልሱን ግን አልጠበቀም። ውሃው በክትሩ አናት ላይ መፍሰስ ጀምሮ ነበርና ሁሉንም ጠራርጎ እንዳይሄድ ፈርቶ ቆረጠው። አራጌ በዚያች ሰዓት ቦዩ ውስጥ ገብቶ አፉን የዘጋውን የግራር ቅርንጫፍ ይጎትት ነበር። በጎርፉ ጩኸት ጥሪውን የሰማው አይመስለኝም። ውሃው ሲወስደው ተከትሎት መጀመሪያ የዘለለው ራሱ ሙህሲን ነው። የአራጌን አስከሬን ያገኙት ከታች፣ ከአስፋልቱ ድልድይ አጠገብ ነው።

አንተ «ሆን ብሎ ነው» ያልከኝ፣ ሐምሌ ላይ በውሃ ተራ ተጣልተው ሙህሲን «ውሃ ይውሰድህ» ብሎታል የሚለውን ሰምተህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ የሚታለፍ ስላልሆነ የውሃ ተራ የሚያከፋፍለውን የውሃ አባት ታሂርን ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። ታሂር ለልጁም የማያዳላ ሰው ነው። «መምህር፣ ወላሂ ብሎታል» አለኝ። ቀጥሎም «አራጌ ምን ብሎ እንደመለሰለት ግን የነገረህ የለም? ‹ታዲያ ውሃው እንዲወስደኝ መጀመሪያ ልቀቅልኛ!› አለው። ያልሳቀ ሰው አልነበረም፤ ሙህሲንም ዶማውን ተደግፎ ሳቀ» አለኝ። የአራጌን ሚስት ሸዋዬንም ጠየቅኋት። ከዚያ ጠብ በኋላ የባሏ በሬና የሙህሲን በሬ እንደ ወትሮው ተቀናጅተው ሲያርሱ ከርመዋል፤ አራጌ በሞተበት ዕለት ጠዋት እንኳ ሙህሲን በሬውን ሊወስድ መጥቶ እሷ ቤት ቁርስ በልቷል። አንድ ሰው የሚጠላውን ሰው በሬ ከራሱ በሬ ጋር በአንድ ቀንበር ሲያውል እኔ አላየሁም።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልምጣ። በስልክ «አትግደል ይላል፤ ገደለ፤ አለቀ» ብለኸኝ ነበር። አላለቀም። አትግደል ያለው ያው ሕግ ቀጥሎ ገዳዮችን ለይቶ ይመረምራል። በኦሪት ዘኍልቍና በዘዳግም ተመልከተው፤ ቀድሞ ጥላቻ ነበረ ወይ? በእጁ የያዘው ምን ነበር? ሸምቆ ጠብቆታል ወይ? ብሎ ይጠይቃል። በጥላቻ ወይም ሸምቆ የገደለውን ነፍሰ ገዳይ ይለዋል፤ መሸሸጊያም አይሰጠውም፣ ስለ ነፍሱም ቤዛ አይቀበልለትም። ሳያይ ድንጋይ የጣለበትን፣ ወይም እንጨት ሲቆርጡ ምሳሩ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የመታበትን ግን ወደ መማፀኛ ከተማ እንዲሸሽ ያዝዛል፤ በእሱና በደም ተበቃዩ መካከልም ማኅበሩ ይፈርዳል። ሬሳው በሁለቱም በኩል ሬሳ ነው፤ የሁለቱም ቤት እኩል ያለቅሳል። ልዩነቱ በገዳዩ ልብና በመጣበት መንገድ ላይ ነው።

ሙህሲን ንጹሕ ነው አልልህም። የምሳሩ ምሳሌ ሙሉ በሙሉ አይገጥመውም፤ የዚያ ሰው ምሳር የወለቀው ሳያስበው ነው፣ ሙህሲን ግን መልስ መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል። እሱን ይበልጥ የሚመስለው በኦሪት ዘጸአት ያለው የተዋጊው በሬ ባለቤት ነው፤ በሬው እንደሚዋጋ እየተነገረው ያላሰረው። ሕጉ በዚያ ሰው ላይ ይከብዳል፣ እስከ ሞት ያስጠይቀዋል፤ ነገር ግን ለነፍሰ ገዳይ የዘጋውን የቤዛ በር ለእሱ ይከፍትለታል። ስለዚህ ሙህሲን በደለኛ ነው፤ ነፍሰ ገዳይ አይደለም። በደሉንም አይክድም። በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ጠርቼ አልጠበቅሁም» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ክሱ ገና ነው። በዋስ ከወጣ ወዲህ ሮቢት በእናቱ ወገኖች ቤት ተቀምጧል፤ ቆቦ ገበያ አይወጣም፣ የእኛ ሰው በሚሄድበት መንገድ አያልፍም።

«እሱ እስላም ነው፤ የእኛ መጽሐፍ ምን አገባው?» እንዳትለኝ። ያው ዘኍልቍ መማፀኛው ለአገሬው ብቻ ሳይሆን አብሮት ለሚኖረው እንግዳም ነው ይላል። ሙህሲን ደግሞ እንግዳም አይደለም፤ ያን ክትር መጀመሪያ የከተሩት አያቱና አያታችን ናቸው።

አንድ ቦታ ደግሞ አልደብቅህም። ገዳዩ ከመማፀኛው ወሰን ወጥቶ ቢገኝና ደም ተበቃዩ ቢገድለው ዕዳ የለበትም ተብሎ ተጽፏል። ስታነበው «ይኸው!» እንደምትል አውቃለሁ፤ እኔም ብዙ ቀን ታግዬበታለሁ። ወሰኑ የተሰመረው ግን ተበቃዩን ለማስታጠቅ አይደለም። ልቡ እንደነደደ ሮጦ ሞት የማይገባውን ሰው እንዳይገድል ነው፤ ምክንያቱ በዘዳግም ተጽፏል። እኛ ደግሞ ጠላታችንን እንድንወድ የታዘዝን፣ የተጠመቅን ሰዎች ነን። ወሰኑ ለእኛ ጠበበ እንጂ አልሰፋም።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ የአራጌ ልጅ ደሳለ ነው። ደውለህ «መሣሪያውን እኔ እገዛልሃለሁ» ብለኸዋል፤ ራሱ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ የአባቴን ደም ሳልመልስ ብሎ ፀጉሩን አይቆረጥም። ጎብዬ ገበያ ላይ አንዱ «ምነው ደሳለ ጎፈርክ፣ ሙሽራ ልትሆን ነው እንዴ? የሰው ደም እየጮኸ!» ብሎ ሰው መሃል አላገጠበት። ያን ቀን ምግብ አልበላም። አሁን ሙህሲን ለሰላት ከቤት የሚወጣው በየትኛው በር እንደሆነ ማጠያየቅ ጀምሯል። እንግዲህ በዚያው ሕግ እንመርምር። ጥላቻው አለ። መሣሪያው ታስቦበታል። መሸመቂያው እየተፈለገ ነው። ሙህሲን ዘንድ ፈልጌ ያጣሁት ሁሉ እኛ ቤት ተገኘ፣ ገዛኸኝ። ደሳለ ቃታውን ቢስብ ነፍሰ ገዳይ እሱ ነው፤ አንተም አብረኸው ነህ።

አራጌን የወደድከው አንተ ብቻ አይደለህም። አራተኛ ክፍል ሳስተምረው «መምህር» ማለት አልሆንልህ ብሎት «ጋሼ» ሲለኝ ልጆቹ ይስቁበት ነበር። አሁንም በር ሲንኳኳ እሱ ይመስለኛል።

ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች፣ ዘወልዶቹ፣ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ተሰባስበው ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ቀጠሮ ይዘዋል። እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሸዋዬም ሰጥታለች። ከወንድማማች አንዱ ካልፈቀደ ግን ደም እንደማይደርቅ ታውቃለህ። ደሳለም «ጋሼ ገዛኸኝ ራሱ ተው ካለኝ እተዋለሁ» ብሎኛል። እኔ ብነግረው አይሰማኝም፤ ያስጀመርከው አንተ ነህና። ስለዚህ የምለምንህ ለእኔ እንድትደውል አይደለም። ለእሱ ደውል። ሳታንገራግር፣ ሳትሸራርፍ «ተው» በለው። ፈሪ እንዳይባል የሚጨነቀው በአንተ ፊት ነው።

እምቢ ካልክና ሙህሲን ከተገደለ፣ ፍርድ ቤት ቆሜ መሣሪያውን ማን እንደገዛው እመሰክራለሁ። ወንድሜ ነው ብዬ ስምህን አልውጥም። ይህን ዛሬ የምጽፍልህ ኋላ አልነገርከኝም እንዳትለኝ ነው።

ራሔልን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ። ቅድስት አማርኛ መጻፍ እንዳትረሳ በገዛ እጇ አንድ ገጽ ትላክልኝ፤ አርሜ እመልስላታለሁ። ባለቤቴ ስማችሁን እየጠራች በየቀኑ ትጸልያለች። ታሂር ሰላም ብሎሃል፤ ዱዓ አድርጌለታለሁ በለው ብሏል። ደሳለ አጠገቤ ስለሌለ የእሱን ሰላምታ ከራሱ ስማ። ሸዋዬ ደግሞ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ እንድጽፍልህ አምላኛለች፤ «ጋሼ፣ ባሌን ውሃ ወሰደው። ልጄን አንተ አትውሰድብኝ» ብላሃለች።

ታላቅ ወንድምህ ወልደ ሚካኤል
ቆቦ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.